«ሶሲዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንደኛ ዓመታቸውን ጨርሰው የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ ሲደርስ ወልዲያም መርሳም ስልክ ይበዛል። ልጅ «ሶሲዮሎጂ» ወይም «ሶሻል ዎርክ» ያለች እንደሆነ አባት ዝም ይላል፤ እናት ደግሞ «እሱ ምን ያበላል?» ትላለች። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረ ቤተሰብ የድካሙን ፍሬ ማየት ቢፈልግ መብቱ ነው። ችግሩ ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት መልሱ የተሰጠ መሆኑ ነው፤ በብዙዎቻችን ቤት ከሐኪምና ከመሐንዲስ ወዲያ ትምህርት ያለ አይመስልም።

ሁለቱ ትምህርቶች ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን በአንድ የሐብሩ ቀበሌ እንየው። በአንድ ዓመት ውስጥ በርከት ያሉ ወጣቶች በአፋርና በጅቡቲ አድርገው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ወጡ እንበል። ሶሲዮሎጂ የተማረው ሰው «ለምን ከዚህ ቀበሌ? ለምን በዚህ ዓመት?» ብሎ ይነሣል፤ የመሬቱን ጥበት፣ የዝናቡን መቅረት፣ የደላላውን መረብ፣ የጎረቤትን አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሳይቀር ይመረምራል። ሶሻል ዎርክ የተማረችው ደግሞ ከእነዚያ መካከል ከተመለሰችው ከአንዷ ልጅ ጎን ትቀመጣለች። ልጅቱ እንቅልፍ የላትም፤ በሰው አገር የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም፤ ለጉዞዋ የተበደረው ገንዘብ ገና አልተከፈለም። ባለሙያዋ ምሥጢሯን ጠብቃ ከሐኪም፣ ከፍርድ ቤት፣ ከቤተሰብ ጋር ታገናኛታለች።

የሚሰጡትም ኮርሶች ይህንኑ ተከትለው የተዘጋጁ ናቸው። በሶሲዮሎጂ የኅብረተሰብ ንድፈ ሐሳቦች፣ የምርምር ዘዴ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሕዝብ ጥናት፣ የቤተሰብ፣ የገጠርና የከተማ ኑሮ ጥናቶች ይገኛሉ። በሶሻል ዎርክ ደግሞ የሰው ጠባይና አካባቢው፣ ከግለሰብና ከቤተሰብ ጋር የመሥራት ዘዴ፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ከሁሉም በላይ የመስክ ልምምድ አለ። በእኛ አስተያየት የኋለኛው ትምህርት ዋጋ ያለው በዚህ ልምምድ ነው፤ ሐዘንተኛን ማዳመጥ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ችሎታ አይደለምና።

አንዳንድ ወላጆች ትምህርቱን «የፈረንጅ ነገር» ይሉታል። «ሶሲዮሎጂ» የሚለውን ስም በ19ኛው መቶ ዘመን ያስለመደው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ1332 እ.ኤ.አ. ቱኒስ ውስጥ የተወለደው ኢብኑ ኸልዱን ከኮምት ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» የዘላኑንና የከተሜውን ኑሮ አነጻጽሯል፤ መንግሥታትን የሚያነሣውንና የሚጥለውንም ኅብረት «ዐሰቢያ» ብሎ ተንትኗል። ልጁን ከዚህ ትምህርት የሚከለክል አባት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

በአገራችን የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ተዘጋና ትምህርቱ ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ ሁለተኛውን ታላቅ ረኀብ፣ ጦርነትና ስደት ያየች ሲሆን፣ ሙያው በስሙ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት አልነበረም። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ዎርክን፣ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሶሲዮሎጂን ያስተምራሉ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ መርሳም የግብርና ግቢው መቀመጫ ሆናለች።

ባለሙያው በእኛ አካባቢ ሥራ ያጣል ማለት ያስቸግራል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከእነርሱ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ከረሙ። በሐብሩ ወረዳ ጃራ ላይም ከወለጋና ከሌላ ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖች በመጠለያ ሰፍረው ነበር። እህልና ድንኳን የሚያቀርብ ይገኛል፤ ሕፃኑ ለምን መናገር እንዳቆመ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የማያውቀው ሌላ ሀብትም አለን። ቅሬያችን ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ይዞ ይቀብራል፣ ያጽናናል፣ አጥፊውን ይቀጣል። አበጋሮች ደም የተቃቡትን ያስታርቃሉ። ሴቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ ቢሮ ውስጥ የማይነገር ይነገራል። በዚህ መካከል ያደገች ልጅ ትምህርቱን ስትጨምርበት ከሌላው ሰው ብዙ እርምጃ ትቀድማለች።

ዘካንም እናስብ። የሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች በቁርኣን ተለይተዋል፤ ከእነርሱም ባለ ዕዳውና መንገደኛው ይገኛሉ። ለደላላ ተበድሮ ልጁን የላከ፣ ልጁም ባዶ እጇን የተመለሰችበት አባት ከየትኛው ይመደባል? ፍርዱ የዑለማዎች ነው። ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ክብሩን ሳይነካ ሁኔታውን አጣርቶ ለእነርሱ የሚያቀርበው ግን ማን ነው? በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚቀርበው የፍቺና የቀለብ ጉዳይም እንዲሁ ከውሳኔው በፊትም በኋላም የልጆቹን ኑሮ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ዲግሪው ብቻውን እንጀራ አያበላም። የመንግሥት ቅጥር ጠባብ ነው፤ የእርዳታ ድርጅት ሥራ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ሥራው የሚገኘው በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቶች፣ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤትና በእርዳታ ድርጅቶች ነው። ቶሎ ሀብታም መሆን የሚሻ ሌላ ይምረጥ። እንግሊዝኛውን አጥብቆ የያዘ፣ ስታቲስቲክስን ያልሸሸ፣ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ የጨመረ ግን ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አለው።

ስለዚህ ወላጆች ልጃችሁን ከመከልከላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የመስክ ልምምዱ ስንት ወር ነው? የትስ ይደረጋል? ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከሩቅ አትፈልጉ። ስለ ሐብሩ ስደት የተጻፈው አብዛኛው ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል፤ የተጠየቁት እናቶች ምን እንደ ተባለላቸው አልሰሙም። ጊራና ወይም ውርጌሳ ሄዳችሁ ያጠናችሁትን በአማርኛ አሳጥራችሁ አንዱን ቅጂ ለወረዳው፣ አንዱን ለመስጂዱ፣ አንዱን ለቅሬው ዳኛ ስጡ።