ሰንጠረዥ፦ በቀይ ጨርቅ ላይ የሚዘምት ሠራዊት

ደብረ ታቦርን ራስ ጉግሳ መርሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከቆረቆሯት ጀምሮ፣ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ አይሻል ላይ ድል እስከተነሡበት እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ የጦር ሰዎች ከተማ ነበረች። የጦር ሰው ሥራ ሲፈታ ይጨንቀዋል። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዘመቻ ሲቆም፣ የዚያ ዘመን መኳንንት ጦርነቱን ወደ ቤት የሚያስገቡበት መላ ነበራቸው። ቀይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሁለት ሠራዊት ይሰለፋል፤ ጩኸቱም ይቀልጣል። ጨዋታው ሰንጠረዥ ይባላል፤ የዛሬው ቼዝ የሥጋ ዘመድ ነው።

መነሻው ሕንድ ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች እየተሻገረ እኛ ዘንድ ደረሰ። መቼ እንደገባ መከራከር ይቻላል፤ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ግን ብቺኒ የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋር ይጫወት እንደነበር ተጽፏል። አውሮፓውያን የራሳቸውን ጨዋታ እየለዋወጡ፣ ንግሥቲቱን እንደ ልቧ የምትጋልብ ኃይለኛ ሲያደርጓት፣ የእኛ ሰንጠረዥ አሮጌውን ሕግ እንደያዘ ቆየ። በዚያ ላይ ግን ሌላ አገር የሌለ አንድ ነገር ጨመረበት። እሱን ከማምጣቴ በፊት ዕቃዎቹን ላስተዋውቅ።

ገበታው ጨርቅ ነው። በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ቁልቁልና አግድም እየተሰመረ ስምንት በስምንት፣ 64 ቤት ይወጣዋል። እንደ ቼዝ ገበታ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅም፤ ሁሉም ቤት አንድ ቀለም ነው። ለዘማች ይህ ሳይመች አይቀርም፦ ተጠቅልሎ ከመጫወቻዎቹ ጋር ስልቻ ውስጥ ይገባል።

በእያንዳንዱ ወገን 16 መጫወቻ ይሰለፋል። ንጉሥ በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይራመዳል። አጠገቡ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሐል ላይ ማንም ቢቆም አያግደውም። ፈረስና ደር ዛሬ ቼዝ የሚጫወት ሰው እንደሚያውቃቸው ናቸው፤ ደር በቀጥታ ይነጉዳል። ስምንቱ መደቆች እግረኞች ናቸው፤ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳሉ፣ ሲበሉ በሰያፍ ይበላሉ። የሁለቱ ንጉሦች አሰላለፍ ፊት ለፊት አይደለም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ትይዩ የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው።

ባለጸጋው ከዝሆን ጥርስ ያሠራል፤ ሌላው በቀንድ ወይም በእንጨት ይጫወታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ እንደነበሩ ጽፏል። ሸካራ የሆኑበት ምክንያት ከአጨዋወቱ ይገባናል። ሶልት እንደሚለው ተጫዋቹ የባላጋራውን መጫወቻ ሲበላ ቀስ ብሎ አንስቶ ወደ ጎን አያስቀምጥም፤ በራሱ መጫወቻ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። እንዲህ ለሚደበደብ ዕቃ ቀጭን አንገትና የተቀረጸ ጆሮ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ልዩነቱ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደቻለ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ ሌላው በዓይኑ ተከትሎ ደሩን ወደዚያው ይስባል፤ የመጀመሪያው ይህን አይቶ ፈረሱን ይመልስና መደቆቹን በግራ ያስገፋል። ቀኝ እጅ ሲያሰልፍ ዓይን የሚያድረው ከባላጋራው እጅ ላይ ነው። የጣሉትን መልሶ ማንሳት፣ አሰላለፍ መለወጥ፣ ማታለል ሁሉ ይፈቀዳል። ይህ የሚያበቃው አንዱ የሌላውን መጫወቻ ሲበላ ነው። ያን ጊዜ ግርግሩ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ነው።

በእኔ አስተያየት ይህ ወረራ የሚሉት ነገር ሰንጠረዥን ከቼዝ ይልቅ ለጦርነት ያቀርበዋል። ቼዝ ላይ ነጭ አንድ ይራመዳል፣ ጥቁር አንድ ይራመዳል፤ ሁለት ዳኞች ሙግት የሚሰሙ ይመስላል። የበጌምድር ሜዳ ላይ የተሰለፈ ደጃዝማች ግን ባላጋራው እስኪጨርስ አይጠብቅም። ነጋሪት ከተመታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ተመልካቹም ዝም አይልም። ሶልት ባየው ጨዋታ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ፣ አሽከሮቹ ሳይቀሩ፣ ይናገሩ፣ ይመክሩ፣ አልፎ ተርፎም መጫወቻውን ራሳቸው ሊያነሡ ይሽቀዳደሙ ነበር። ይህን ለማመን የሚቸገር ካለ ከሰዓት በኋላ የሊስትሮ ወንበር አጠገብ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ልጆችን ይመልከት፤ የሚጫወቱት ሁለት፣ የሚያጫውቱት ስምንት ናቸው። ሶልት ሌላም ታዝቧል፦ የራስ ወልደ ሥላሴ ባላጋራዎች እሳቸው እንዲያሸንፉ አድርገው በብልሃት ይሸነፉላቸው ነበር። ይህም ጥበብ ነው፤ ምናልባት ከሁሉ የከበደው።

ሕጉን በዝርዝር ጽፎ ያቆየልን ግን ዋልተር ፕላውደን ነው። በእንግሊዝ ቆንስልነት ተሹሞ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል የተፈራረመው፣ የደብረ ታቦርን ግቢ ከውስጥ የሚያውቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ተገደለ፤ የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ተመዝግቦ ከምናገኘው ውስጥ ደስ የሚለኝ የአገዳደሉ ሥርዓት ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ እንደ ባለጌ ድል ይቆጠራል፤ ኃይለኛው ደካማውን ቢገድል ምን ይደንቃል? በፊል ወይም በፈርዝ ቢሆን ይከበራል። በመደቆች ቅንብር ንጉሡን ያስጨነቀ ግን ይመሰገናል። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ጨዋታው አቻ ይባላል። ከመደቆች ሌላ አንድ መጫወቻ፣ ማለት አንድ መኮንን፣ ብቻ የቀረለት ከሆነ ደግሞ ያ መኮንን ሰባት ጊዜ ከመራመዱ በፊት ድሉ መጠናቀቅ አለበት። አሸናፊው እየበላ ሲቀጥል ድሉን ራሱ ሊያበላሸው ይችላል ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ ዛሬ ከማን ጋር ይመሳሰላል ቢባል ከቼዝ ክለብ ይልቅ ወደ አንድ ሌላ ማኅበር እጠቁማለሁ። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ጎልማሶች በሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው ወታደሮች ይዋጋሉ። እርምጃው በመለኪያ ሜትር ይለካል፣ ተኩሱ በዳይ ይወሰናል። የፕሩሲያ መኮንኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሥልጠና የጀመሩትን፣ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው መጽሐፍ ለቤት መዝናኛ አደረገው። ዛሬ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ዋርሃመር 40,000 ነው፤ አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። ታሪኩ የሚሆነው ከዛሬ አርባ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በከዋክብት መካከል ነው።

የእነዚህ ሰዎች ግማሹ ደስታ ከውጊያው በፊት ያለው ነው። ወታደሩ እንደ ተበታተነ አካል በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተጣብቆ ይመጣል፦ ክንድ፣ ጭንቅላት፣ ጠመንጃ። ባለቤቱ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ጠርዙን በምላጭ ያስተካክላል፣ ፕላስቲኩን በመጠኑ እያቀለጠ በሚያዋሕድ ማጣበቂያ ይገጣጥመዋል። ከዚያ ጥቁር ወይም ግራጫ መደብ ቀለም ይነፋበታል። በውኃ የቀጠነ ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ ይቀባል፤ አንድ ጊዜ ወፍራም ከተቀባ የፊቱ ቅርጽ ይደፈናል። ቀጥሎ እንደ ውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ሲለቀቅበት በልብሱ እጥፋት ውስጥ እየገባ ጥላ ይሠራል። በመጨረሻ ብሩሹን ፈዘዝ ባለ ቀለም ነክሮ፣ በጨርቅ ጠርጎ አድርቆ፣ ጉልህ ጉልህ የሆነውን ብቻ ዳሰስ ዳሰስ ያደርገዋል፤ ብርሃን ያረፈበት ይመስላል። ዓይን ከባድ ነው። ብልሆቹ ዓይኑን አስቀድመው ቀብተው የተረፈውን በቆዳ ቀለም ዙሪያውን ይከረክሙታል።

ሌሎች በተሰጣቸው አይረኩም። የአንዱን ጭንቅላት ለሌላው ይገጥማሉ፣ ካባ ይጨምራሉ፣ ሁለት ዓይነት ጭቃ መሳይ ነገር ለውሰው ሲደርቅ ድንጋይ በሚሆን ሊጥ ጢምና ጎፈሬ ይቀርጻሉ። ዕቃው ውድ ነው፤ የአንድ ሠራዊት ዋጋ ለአገራችን ደሞዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። ብልሃቱ ግን ዋጋ አይጠይቅም፣ ደብረ ታቦር ያለችበት የደቡብ ጎንደር ዞንም የሚያዋጋ ታሪክ አላጣም።

በ1834 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ የሆነውን ውሰዱ። የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ሆነው ራስ አሊን ገጠሙ። ውቤ በጠመንጃ ብዛት ይበልጡ ነበር፤ ውጊያውንም አሸነፉ፤ አሊም ሸሹ። አሸናፊዎቹ ድንኳን ውስጥ ድላቸውን ሲያከብሩ የራስ አሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ውቤን ማረካቸው። ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ባላጋራው አለቀ ብሎ አንድ ፈረስ ረስቷል።

ይህን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ለመድገም ከኖቲንግሃም ምንም ማስመጣት አያስፈልግም። የልጆች የፕላስቲክ ወታደር መነሻ ይሆናል፤ የራስ ቁሩ በምላጭ ይነሣለታል። ሶፍት በውኃ በቀጠነ ኮላ ተነክሮ ትከሻው ላይ ሲጣል ራሱ እጥፋቱን ይይዛል፤ ሲደርቅ ሸማ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳው በኮላ ሲደፈን ጋሻ ይወጣዋል። ጦሩ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ ማድረግ በቂ ነው። መቆሚያው ቆርኪ፤ አሸዋ በኮላ ይረጭበትና ቡናማ ይቀባል። ሸማው ላይ ነጭ ቀለም ብቻ ከሆነ ኖራ ይመስላል፤ እጥፋቱ ውስጥ ቀጭን ግራጫ ይግባበት። የውቤ ነፍጠኞች በጠመንጃ፣ የአሊ ወገን በፈረስ ቢበዛ ሁለቱ ሠራዊት ከሩቅ ይለያሉ።

ሰንጠረዥ ራሱ የቀረው በጣሊያን ወረራ ነው። ጨዋታው የመኳንንት ግቢ ጨዋታ ነበርና ግቢው ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ገበጣ በየመንደሩ ስለነበረ ተረፈ፤ ሰንጠረዥ ግን እንደ እቴጌ ጣይቱ ያሉ፣ ከበገና ጋር ተምረውት ያደጉ የሚባልላቸው ሰዎች ትውልድ ሲያልፍ የሚያስተምር አጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ ባያወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት መነሻ ይጠፋ ነበር።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም አለ፤ እንጨት የሚጠርብና ቀንድ የሚሠራ ባለ እጅ አለ። ሰንጠረዥን መልሶ ማስነሣት አንድ ሴሚስተር የማይሞላ ሥራ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልታወቀ፣ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ድቡልቡል ነገር ያላችሁ ቤተሰቦች ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት ቁጠሩት፤ ጓደኞቹም ካሉ ለሙዚየም አሳዩት። የተቀረው ሰው አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅና 32 መጫወቻ ይበቃዋል፤ ሕጉ ከላይ ተጽፏል።