ውሃ የማይከለክለው የጠላቂ ልብስ

ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይነጥቃል። በ10 ዲግሪ አየር ሹራብ ደርቦ ደህና የሚውል ሰው፣ በዚያው ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢገባ በደቂቃዎች ውስጥ ጣቶቹ አይታዘዙትም።

ለዚህ ብርድ መላ ያገኘው ሂው ብራድነር ነው፤ በርክሌይ የሚሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአቶም ቦምቡ ሥራ የተካፈለ የፊዚክስ ሊቅ። ከዚያ በፊት የነበሩት የጠላቂ ልብሶች ውሃ ጨርሶ እንዳይገባ የሚታገሉ ነበሩ፤ አንዲት ቀዳዳ ካገኘቻቸው ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ። ብራድነር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስተዋለው፣ ሰው እንዲሞቀው የግድ መድረቅ እንደሌለበት ነው። ሙቀቱን የሚያግደው ኒዮፕሪን በተባለው ስፖንጅ መሳይ ጎማ ውስጥ የታመቀው የጋዝ አረፋ ነው። ሾልኮ የሚገባውን ጥቂት ውሃ ገላ ያሞቀዋል፤ ልብሱ ጥብቅ ካለ እዚያው ይቆያል። ብዙዎች ዛሬም የሚያሞቃቸው ያ ውሃ ይመስላቸዋል። እሱስ ባይገባ ይሻል ነበር!

ብራድነር በግኝቱ አልከበረበትም። ገበያው በ1952 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሱቅ እንደከፈተው ጃክ ኦኒል ላሉ ሰርፈሮች ሆነ።

ማዕበል ላይ ለሚንሸራተት ይህ ልብስ ይበቃዋል። ጠላቂውን ግን ይከዳዋል፤ 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ይሆንና አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፣ ልብሱም ይሳሳል፤ ያውም ብርዱ በሚብስበት ቦታ። ስለዚህ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነበት በአይስላንዱ የሲልፍራ ስንጥቅ፣ ጠላቂዎች ውሃ የማያስገባ ደረቅ ልብስ ያጠልቃሉ፤ ከሥሩም ወፍራም ሙቀት ጠባቂ ይደርባሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጄጁ ሴቶች ነገር ነው። በዚህች የደቡብ ኮሪያ ደሴት ሄንዮ የሚባሉት ሴቶች ያለ አየር ሲሊንደር፣ ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ ከባሕሩ ወለል የሚበላ ይለቅማሉ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የብርዱ ወራት ውሃ ውስጥ እንኳ የሚገቡት በስስ የጥጥ ልብስ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጥተው እሳት ይሞቃሉ። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ የኮሪያ ጠላቂ ሴቶችን ሲያጠኑ፣ በብርድ ወራት ሰውነታቸው አርፎ እያለ የሚያቃጥለው ጉልበት ከፍ ይል ነበር፤ የሚያንቀጠቅጣቸውም ከሌሎች ሴቶች ዘግይቶ ነው። ከዚያ የጎማው ልብስ መጣ። እነርሱም ባሕር ውስጥ ለሰዓታት መሥራት ጀመሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግመው ሲመረመሩ ግን ያ ለብርድ የተገራ ሰውነት እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ተገኘ።