በክረምት ወራት ለብስክሌት ተጓዦች የሚስማማ የዝናብና የነፋስ መከላከያ ልብስ አመራረጥ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ጨምሮ፣ በከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር እንዲኖር አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ድረስ ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም የእግርና የብስክሌት ጉዞ በከተማ ትራንስፖርት ውስጥ ተገቢውን ስፍራ እንዲያገኝ ያለመ ነው። ይሁን እንጂ የመንገዱ መኖር ብቻውን ብስክሌትን ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል መጓጓዣ አያደርገውም። በክረምት ወራት ተጓዡ ረጥቦና በርዶት ሥራ ቦታው የሚደርስ ከሆነ ብስክሌቱን እስከ መስከረም ማቆሙ አይቀርም። ከዚህም በላይ በብርድ የደነዘዘ እጅ ፍሬን በጊዜው መያዝ ስለማይችል ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የመንገድ ደህንነት ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የየካ ክፍለ ከተማንና የእንጦጦን ተራሮች እንደ አብነት በመውሰድ፣ የዝናብና የነፋስ መከላከያ ልብስ በምን መስፈርት ሊመረጥ እንደሚገባ ያብራራል።

የአካባቢው የአየር ጠባይ

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ከፍተኛው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ዝናቡ በአብዛኛው የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። አልፎ አልፎም በረዶ ይቀላቅላል። ጠዋት ላይ ሰማዩ ጋብ ያለ ቢመስልም አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የእንጦጦ ወገብም በጉም ይሸፈናል።

የመሬቱ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የከተማዋ መሃል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በየ100 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። መገናኛ ላይ በቂ የሆነ ልብስ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ለሕዝብ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገዶች ላይ በቂ ላይሆን ይችላል።

ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከእንጦጦ ግርጌ ካሉ ሌሎች ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ቀበና፣ ወደ አራት ኪሎ ወይም ወደ መገናኛ የሚጓዝ ሠራተኛ ጠዋት ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት ይወጣል። የልብስ ምርጫው መነሻ ሊሆን የሚገባው ይህ ነው።

ጠዋት የተጓዡ ሰውነት ገና አልሞቀም፤ በቁልቁለቱ ላይ ፔዳል የሚመታው ጥቂት በመሆኑም ሰውነቱ ሙቀት አያመነጭም። ፍጥነቱ የሚፈጥረው ነፋስ ደግሞ ያለውን ሙቀት ይወስድበታል። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ባልተሸፈነ ቆዳው ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ የ7 ዲግሪ ያህል ነው። ልብሱ ከረጠበ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ በላቀ ፍጥነት ሙቀትን ከሰውነት ያስወጣልና።

ማታ ሁኔታው ይገለበጣል። ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት ተጓዡ ዳገቱን ስለሚወጣ ያልበዋል። ከላይ እስከ ታች የተዘጋ የላስቲክ ካፖርት ከለበሰ ዝናቡ ባይገባም ላቡ መውጫ ያጣል፤ ተጓዡም ከውስጥ ይረጥባል። ስለዚህ አንድ ልብስ ጠዋት ነፋስን መዝጋት፣ ማታ ላብን ማስወጣት ይጠበቅበታል። ከባድና ወፍራም ካፖርት ሁለቱን ሊያሟላ አይችልም። ቀላል፣ ነፋስ የማያሳልፍና እንደ አስፈላጊነቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ጃኬት ግን ያሟላል።

ከኮተቤ ወይም ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ የሚመጡ ተጓዦች ዳገትና ቁልቁለታቸው መለስተኛ በመሆኑ የላብ ችግሩ ይቀንስላቸዋል። እነርሱ ውሃ የመከላከል አቅምን ሊያስቀድሙ ይችላሉ።

የላይኛው ልብስ

ብዙ የዝናብ ጃኬቶች ላይ ውሃ የመከላከል አቅማቸው በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ጨርቁ ውሃ ሳያሳልፍ ሊሸከመው የሚችለውን የውሃ ዓምድ ቁመት ያመለክታል። 1,500 ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ጃኬት ለካፊያ ይበቃል። ለሐምሌና ለነሐሴ ዶፍ ግን 10,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፤ ነፋስና ፍጥነት የዝናቡን ጠብታ ወደ ጨርቁ የሚገፋበትን ኃይል ይጨምራሉና። ሁለተኛው ቁጥር በግራም የሚገለጽ ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ውስጥ አልፎ የሚወጣውን የላብ እንፋሎት ያሳያል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ቁጥር ከፍ ማለት አለበት።

ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት ልብስ ሲገጥም፣ ሾላ ገበያም ሆነ መርካቶ፣ ከመግዛት በፊት በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል፦

– ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ ጨርቁ ውሃ ይገፋል፤ ወዲያው ከሰረገ ግን አይከላከልም።
– ጨርቁን ከአፍ ጋር አጣብቆ ሲነፋ ትንፋሹ በሌላው በኩል በግልጽ ከተሰማ ጃኬቱ ነፋስ ያሳልፋል።
– ልብሱ ተገልብጦ ሲታይ ስፌቶቹ ከውስጥ በቀጭን ማሸጊያ ካልተሸፈኑ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል።
– ብስክሌት ላይ እንደ ተቀመጡ ጎንበስ ተብሎ ሲለካ እጅጌው አንጓን፣ የኋላ ጫፉ ደግሞ ወገብን መሸፈን ይኖርበታል።
– ብብት ሥር ወይም ጀርባ ላይ ዚፕ ያለው አየር ማስወጫ መኖሩ ዳገት ላይ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል።

ሰፊ የዝናብ ካባ አየር ከሥር ስለሚገባው ላብ አያፍንም። የደጋ እረኞች ከሣር የሚሠሩት ገሳ የሚያገለግለው በዚሁ መርህ ነው። ነገር ግን ካባው ነፋስ ሲሞላው ብስክሌቱን ይገፋል፤ ጫፉም ከጎማ ወይም ከካቴና ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። ስለሆነም ረጋ ባለና ሜዳማ መንገድ ላይ ካልሆነ በስተቀር፣ በተለይ በእንጦጦ ቁልቁለቶች፣ አይመከርም። የነጠላ፣ የሻርፕና የረጅም ቀሚስ ጫፍም በተመሳሳይ ምክንያት መታሰር ወይም መጠቅለል አለበት። በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ በሌላው መንዳት ደግሞ ፍሬንን በአግባቡ ለመያዝ ስለማያስችል ሊወገድ የሚገባው ልማድ ነው።

ከውስጥ የሚለበሰው

ጥጥ ውሃና ላብ ይዞ ይቆያል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። በመሆኑም የጥጥ ካናቴራና የጂንስ ሱሪ ለክረምት ጉዞ አይመቹም። ጋቢ በቤት ውስጥ የሚያሞቀው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ያጣል። በአንጻሩ የበግ ፀጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞም የመራስ ስሜት አይሰጥም። የመንዝ ደገኞች ከበግ ፀጉር የሚሠሩትን ባናና በርኖስ ለብርድ የመረጡበት ምክንያትም ከዚሁ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ለብስክሌተኛ ስስ የሱፍ ሹራብ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የፖሊስተር ካናቴራ ይበቃዋል። ሲነሡ ትንሽ ብርድ ብርድ ማለቱ የልብሱ መጠን ትክክል ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቤት ውስጥ ያሞቀ ልብስ ዳገት ላይ ያፍናልና።

እጅ፣ ራስና እግር

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በብርድ የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን አንድ ሰከንድ ካዘገየው ብስክሌቱ ተጨማሪ 8 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ጎማውን ጠርዙ ላይ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ሲረጥብ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ ነፋስ የማያሳልፍና ጣትን እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ጓንት ከዝናብ ሱሪ መቅደም አለበት።

የጃኬቱ ኮፍያ ከሄልሜቱ በላይ ሲደረግ የጎን እይታን ይጋርዳል፤ የመኪና ድምፅንም ያፍናል። ከሄልሜቱ ሥር የሚለበስ ስስ ኮፍያ የተሻለ ነው። የዝናብ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠበብ ሊሆን ይገባል። ለጫማ ውሃ የማያስገባ መሸፈኛ መጠቀም፣ ሥራ ቦታ ላይም ደረቅ ካልሲ ማስቀመጥ ይመከራል። ከታች የሚረጨውን ጭቃ ግን ከማንኛውም ልብስ ይልቅ የሚከላከለው በሁለቱም ጎማዎች ላይ የሚገጠም ፓራፋንጎ ነው።

በጉምና በምሽት መታየት

ጥቁርና ግራጫ የዝናብ ልብስ በጉምና በዝናብ ውስጥ ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላል። ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቀለም በቀን ይረዳል፤ በጨለማ ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው። በምሽት የሚያገለግለው የመኪና መብራትን መልሶ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ ከትከሻና ከጀርባ በተጨማሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር፣ የእግሩ እንቅስቃሴ ተጓዡ ብስክሌተኛ መሆኑን ለአሽከርካሪው ከሩቅ ያሳያል። የጀርባ ቦርሳ አንጸባራቂውን እንዳይሸፍንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ መብራት በማንኛውም ልብስ አይተካም።

አያያዝ

የዝናብ ጃኬት በጭቃና በላብ ሲቆሽሽ ውሃ የመግፋት አቅሙ ይቀንሳል። ለስላሳ በሆነ ሳሙና ታጥቦ በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ የልብስ ማለስለሻ ግን ጨርቁን ይጎዳል። በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ ልብሱን ገልብጦ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማስጣት ተገቢ ነው። በከሰል እሳት አጠገብ ማድረቅ ጃኬቱን ሊያቀልጠው ይችላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው የከሰል ጭስ ደግሞ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ልብስ የማይከላከለው አደጋ

መብረቅ በሚበዛበት ሰዓት በእንጦጦ ገላጣ ቦታዎች መጓዝ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር መጠለልም አደገኛ ነው፤ ጉዞውን አቋርጦ ሕንፃ ውስጥ መጠበቅ ይገባል። ጎርፍ የሸፈነው መንገድ ከሥሩ ክፍት ጉድጓድ ሊኖረው ስለሚችል በብስክሌት መሻገር አይገባም። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለበት ቁልቁለት ያንሸራትታልና ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ተጓዡ ትክክለኛውን ልብስ ቢመርጥም ሥራ ቦታው ሲደርስ የሚያስጣበት ካላገኘ ማታ የሚለብሰው እርጥቡን ነው። መሥሪያ ቤቶች ጥላ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ፣ አየር የሚገባው የልብስ መስቀያና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቢያዘጋጁ፣ በአነስተኛ ወጪ ሠራተኞቻቸው በክረምትም በብስክሌት እንዲመላለሱ ያግዛሉ። ተጓዦች በበኩላቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት ካልቻሉ በመጀመሪያ መብራትና አንጸባራቂ፣ ቀጥሎ ጓንት፣ ከዚያም የሚከፈትና የሚዘጋ የዝናብ ጃኬት፣ በመጨረሻም የዝናብ ሱሪና የጫማ መሸፈኛ በሚል ቅደም ተከተል ከሰኔ በፊት ቢያሟሉ ይመከራል።