መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት የት ላይ እንደሚወጋ እዩ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ወደ ገጠሩ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ፣ አንድ ሰው ታሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ ከተመለሰ "መርፌ አልወጉህም እንዴ?" መባሉ አይቀርም። ክኒን የሰጠው ባለሙያ እንዳላከመ ይቆጠራል። መርፌ የወጋው ግን "እጁ መድኃኒት ነው" ይባልለታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንበል። ክኒን መዋጥ ለሚችል ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ከመርፌው አያንስም። ወባን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። ያልጠናበት ሰው የሚታከመው እንደ ኮአርተም ባለ ክኒን ነው። የአርቴሱኔት መርፌ የሚመጣው ወባው ሲጠና፣ ማለትም ታማሚው ራሱን ሲስት፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም የዋጠውን ሁሉ ሲመልስ ነው። ስለዚህ "ክኒን ብቻ ሰጡኝ" ማለት "ናቁኝ" ማለት አይደለም።

ግን መርፌ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክትባት አለ፣ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ (ዴፖ) አለ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየወሩ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ባለው ጦርነት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ተገዝቶ "እገሌ ይወጋል" የተባለ የሰፈር ሰው ይጠራል። ይሄን የሚያደርግ ቤተሰብ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ አማራጭ አጥቶ ነው። ለዚህ ነው መርፌ የማንይዘው እኛም ቢሆን ምን ማየት እንዳለብን ማወቅ ያለብን።

በመጀመሪያ ቦታው።

ብዙ ሰው መርፌ ሲባል ሱሪውን ዝቅ አድርጎ መቀመጫውን ይሰጣል። ችግሩ፣ ከታችኛው ወገብ ተነስቶ በመቀመጫ ውስጥ አልፎ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሳያቲክ የሚባል ነርቭ አለ። በሰውነታችን ውስጥ ትልቁ ነርቭ ነው፣ ውፍረቱ የጣት ያህል ይሆናል። መርፌው እሱን ካገኘው፣ ወይም መድኃኒቱ አጠገቡ ከፈሰሰ፣ እግር ሊሰንፍ ይችላል። ሰውየው ሲራመድ ጣቶቹ መሬት ይጎትታሉ፣ እግሩን ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይሻለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ተብሎ በተወጋ ዲክሎፌናክ እግር ማጣት ማለት ነው እንግዲህ።

አዋቂ ሰው መቀመጫው ላይ መወጋቱ የግድ ከሆነ፣ አንዱን መቀመጫ በሐሳብ የመስቀል ምልክት አድርጋችሁ አራት ቦታ ክፈሉት። የሚወጋው ከላይ በውጭ በኩል ያለው ሩብ ላይ ብቻ ነው። መሐሉ አይነካም፣ የታችኛው ክፍል በፍጹም አይነካም። ከዚህ የተሻለው ደግሞ የዳሌ ጎን ነው፣ እዚያ ትልቅ ነርቭ የለም። ለዴፖና ለመሰል ትንሽ መጠን ላለው መድኃኒት የክንድ ላይኛው ክፍል ይበቃል፤ ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ዴፖ የተወጋችሁ፣ ቦታውን አትሹት። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ለሦስት ወር እንዲሠራ የተደረገ ስለሆነ ማሸት ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል።

ሕፃን ልጅ ሲሆን ጨዋታው ይለያል። ልጅ መቀመጫው ላይ ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፣ ነርቩም ቅርብ ነው፤ በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ፔንታ ክትባቱን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስትሰጥ ሁሌ ጭኑን የምትይዘው ለዚህ ነው፤ የጭኑ መሐል፣ በውጭ በኩል። እናቶች ይሄን በዓይናቸው አይተውታል። ያው ልጅ በኋላ ሲያተኩሰው ሌላ ሰው መቀመጫው ላይ ሊወጋው ከመጣ፣ "ጭኑ ላይ አይሆንም?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አያስቀይመውም።

ሲወጋ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ሕመም ወደ ባት ወይም ወደ ጣት ከወረደ ወዲያው "አቁም!" በሉ። ይቻላል፣ ወንድ ልጅ ነኝ ብሎ ጥርስ መንከስ እዚህ ላይ አይሠራም። መርፌው ወዲያው መውጣት አለበት።

ሁለተኛው ስሪንጁ ነው። ማሸጊያው ፊታችሁ ይቀደድ፣ በቃ። "መርፌዋን ቀይሬያለሁ" የሚል አትቀበሉ፤ መርፌዋ ብትቀየርም ደም ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንደ ድሮው የመስታወት ስሪንጅ ቀቅዬዋለሁ የሚለውም ለፕላስቲኩ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰው ሄፓታይተስ ቢ፣ 33,800 ያህል ሰው ደግሞ ኤች አይ ቪ ይዞታል። አገራችን "የወፍ በሽታ" እያልን ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሰው ባህላዊ መድኃኒት የምናስፈልገው፣ አንዱ መነሻው ይሄው ሄፓታይተስ ነው።

ካምቦዲያ ውስጥ ሮካ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ነዋሪው የሚወደው፣ ማታም ቢጠሩት የሚመጣ፣ ገንዘብ ለሌለው በዱቤ የሚያክም ፈቃድ የሌለው ሐኪም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሰዎች ሲመረመሩ ከ200 በላይ የመንደሩ ሰው ኤች አይ ቪ ተገኘበት፤ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም። ሰውየው ስሪንጅ ደጋግሞ ይጠቀም ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 25 ዓመት ተፈረደበት። ክፉ ሰው ነበር የሚል ብዙ አልተገኘም። ታሪኩን ያመጣነው ለዚህ ነው፤ ደግነት ስሪንጅ አያጸዳም።

ሦስተኛው አለርጂ ነው፣ በተለይ ፔኒሲሊን ላይ። ከዚህ በፊት አሳክኮት፣ ፊቱን አሳብጦት ወይም ትንፋሽ አሳጥሮት የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅም ይናገር። ከተወጋችሁ በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ቆዩ። አለርጂ ሲነሳ በደቂቃዎች ነው፣ የሚያድነውም አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ነው። የሰፈሩ ወጊ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን አድሬናሊን ቦርሳው ውስጥ አይኖርም። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ የሚያዋጣው አንዱ በዚህ ነው።

ያገለገለው መርፌ ክዳኑ ተመልሶ አይከደንም፤ ብዙ ባለሙያ እጁን የሚወጋው እዚያ ላይ ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ወፍራም የካርቶን ሣጥን አለ። ቤት ውስጥ ከሆነ ጠንካራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። እርሻ ዳር ወይም አመድ ማፍሰሻ ላይ የተጣለውን ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ነው የሚያገኘው።

ከተወጋ በኋላ ቦታው አንድ ሁለት ቀን ቢያም፣ ትንሽ ቢጠነክር የተለመደ ነው። እየቀላና እየሞቀ ካበጠ፣ ወይም ትኩሳት ካለው፣ መግል እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታይ። እግር ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ ግን "ይለቀዋል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ድንገት ሲሰንፍ ባለሙያዎቹ ከፖሊዮም ጋር አያይዘው ሪፖርት ያደርጋሉ፣ ሁለት ጊዜ ሰገራ ይወስዳሉ። ይሄ ሲሆን አትደንግጡ፣ ለሁሉም ልጅ የሚደረግ ነው። መርፌ የተወጋበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና ቦታውን ንገሯቸው፤ ብልቃጡን ካልጣላችሁት ይዛችሁ ሂዱ።