የክብ ሞተር አይሮፕላንና የደጋው ንግድ

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ማርና ቆዳ የሚሰበስብ ነጋዴ ዕቃውን በአየር ለመላክ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ኪራዩን ነው። ኪራዩን ከሚወስኑት ምክንያቶች አንዱ ግን የአገሩ ከፍታ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ረዳት የሌለው የፒስቶን ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይደክማል። አይሮፕላኑም ጭነት ይቀንሳል፤ ወጪውም በጥቂት ኪሎ ላይ ይወድቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ዳግላስ ሲ-47 ይህን ችግር የሚቋቋም ሞተር ነበረው። የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሥራ የሆነው ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ሲሊንደሮቹ በተርታ የቆሙ አይደለም። 14ቱ ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ፥ ሰባት ሰባት ሆነው በክብ ይደረደራሉ። በየረድፉ አንድ ዋና ክንድ መዘውሩን ሲይዝ፥ የቀሩት ስድስት ክንዶች በእርሱ ላይ ይያያዛሉ። የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ የውሃ ራዲያተር አይሸከምም። የአየር መጭመቂያውም የሳሳውን አየር አጥብቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። የአንዱ ሞተር ኃይል 1,200 የፈረስ ጉልበት ነበር።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አንዱ ሞተር 28 ካንዴላ ይፈልጋል፤ ቆሞ ሲያድርም ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፥ ሳይነሣ በፊት ሠራተኞች ፕሮፔለሩን በእጅ ያዞሩታል።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ዩንከርስ ፋብሪካ በሌላ መንገድ ሄዶ፥ በ6 ሲሊንደሮች ውስጥ 12 ፒስቶኖች ፊት ለፊት የሚገናኙበትን የናፍጣ ሞተር በአይሮፕላን ላይ አዋለ። ዓላማው ነዳጅን መቈጠብ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት ወደ አገራችን አየር መንገድ ከገባ ወዲህ ትልልቆቹ የፒስቶን አይሮፕላኖች ስፍራቸውን እየለቀቁ ሄዱ። የናፍጣው አሳብ ግን አልሞተም፤ ዛሬ በኦስትሪያ የሚሠሩ ትንንሽ የፒስቶን ሞተሮች የጄት ነዳጅ ያቃጥላሉ። ይህም ለአስመጪ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የአይሮፕላን ቤንዚን ለብቻው የሚመጣና ለብቻው የሚከማች ነውና።

ስለዚህ አይሮፕላን የሚከራይ ነጋዴ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ በዚህ ከፍታ ስንት ኪሎ ያነሣል? የሚያቃጥለውስ ነዳጅ በቅርብ ይገኛልን? መልሱን ሳያገኝ ውል የተዋዋለ፥ የሞተሩን ድካም ከራሱ ትርፍ ይከፍላል።