ልውጣ ወይስ ልግባ? የኬሚካል አደጋና የቤተሰብ ዝግጅት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1984 (ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም.) ሌሊት፣ በማዕከላዊ ሕንድ በቦፓል ከተማ ከነበረው የዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል ሜቲል አይሶሲያኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል አመለጠ። መንስኤው ወደ ማጠራቀሚያው ታንከር ውኃ ገብቶ ከፍተኛ ሙቀት የሚያመነጭ አጸግብሮት መቀስቀሱ ነበር። በፋብሪካው ዙሪያ በነበሩ የድሆች መንደሮች ተኝቶ የነበረው ሕዝብ ዓይኑ እየተቃጠለና ጉሮሮው እየታነቀ ነቃ፤ ነቅቶም ሮጠ። ብዙዎች የሮጡት ነፋሱ ጋዙን በሚነዳበት አቅጣጫ ነበር። ሯጭ ደግሞ ከቆመ ሰው ይልቅ አብዝቶ ይተነፍሳል። የማድያ ፕራዴሽ ክልል መንግሥት በጋዙ ምክንያት መሞታቸውን ያረጋገጠላቸው ሰዎች 3787 ሲሆኑ፣ የተጎዱት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የዚያ ሌሊት ዋና ጥፋት የፋብሪካው መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና ለእኛ ለተራ ሰዎች የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። የቦፓል ነዋሪ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ልውጣ ወይስ ልግባ፣ ወዴትስ ልሂድ ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ የሰጠው አልነበረም። ጥያቄውን መመለስ የነበረበት በጨለማ፣ በሳልና በልጆች ጩኸት መካከል ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው አያስብም፤ አስቀድሞ ያሰበውን ብቻ ያደርጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልስ ዛሬ፣ በሰላሙ ቀን፣ ማዘጋጀት ነው። መልሱም አጭር ነው፦ የመርዙ ምንጭ ከቤት ውስጥ ከሆነ መውጣት፤ ከውጭ ከሆነ መግባት። ምክንያቱን ግን መረዳት ያስፈልጋል።

ጋዝ ወዴት ይሄዳል?

የአየር አማካይ ሞለኪውላዊ ክብደት 29 ያህል ነው። ከዚህ ቁጥር ጋር በማነጻጸር የአንድ ጋዝ ጠባይ በግርድፉ ሊገመት ይችላል። የቡታጋዝ ሲሊንደር የሚይዛቸው ፕሮፔን 44፣ ቡቴን 58 ናቸው፤ ስለዚህ ሲያፈተልኩ ወደ ወለል ይወርዳሉ። ክሎሪን 71 ነው፤ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። የቦፓሉ ሜቲል አይሶሲያኔት 57 ነው። ከባድ ጋዝ እንደ ጎርፍ ዝቅተኛውን ስፍራ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በድንገት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ሞለኪውላዊ ክብደቱ 44) ሸለቆዎቹን ተከትሎ በመውረድ 1700 ያህል ሰዎችን በተኙበት ገድሏል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን 28 ነው። ከአየር ጋር እኩል ሊባል በሚችል ክብደቱ የተነሣ በክፍሉ ውስጥ በሙሉ ይሰራጫል። አልጋ ላይ የተኛውም መሬት ላይ የተነጠፈለትም ያንኑ ይተነፍሳል።

ምንጩ ከውስጥ ሲሆን

በአገራችን እጅግ የተለመደው የኬሚካል አደጋ ከፋብሪካ የሚመጣ ሳይሆን በማንደጃ ተይዞ ወደ መኝታ ቤት የሚገባ ነው። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ሆኖም ጭስ የሚታይ ቅንጣት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ከደም ውስጥ ግማሹ እንዲወጣ በተራ አየር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ያጥራል። ስለዚህ ሎሚ ማሽተት የሚፈይደው ነገር የለም። የሚፈይደው በሩን መክፈት፣ የታመመውን ማውጣትና ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ጥርጣሬው ወዲያውኑ ወደ ማንደጃው መዞር አለበት።

ሁለተኛው በረኪና ነው። በረኪና አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የተባሉ አናዳጅ ጋዞች ይፈጠራሉ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለብዙ ዓመታት የጋዝ ሕጎችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ አንድ ቅዳሜ መታጠቢያ ቤቴን ሳጸዳ በረኪና በፈሰሰበት ወለል ላይ አሲዱን ጨመርሁበት። ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ የመጀመሪያ ተግባሬ መውጣት ሳይሆን ጎንበስ ብዬ ወለሉን በውኃ ለማጠብ መሞከር ሆነ። ክሎሪን የሚተኛው ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ነው። «ተወውና ውጣ!» ብላ ክንዴን ይዛ ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት፤ እርስዋ ፊዚክስ አልተማረችም። ከእኔ የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ አስቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ እንጂ።

ሦስተኛው የነቀዝ መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ነው። ክኒኑ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ፎስፊን ይሰጣል። ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ 0.9 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30,000 ሊትር አየር አለው። ጋዙ ሳያመልጥ ቢጠራቀም ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 30 እጅ ይሆናል ማለት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚፈቅደው አማካይ መጠን 0.3 ነው። በእርግጥ ጋዙ የሚወጣው ቀስ በቀስ ስለሆነና ክፍሉም ስለሚያስተነፍስ ስሌቱ የመጨረሻውን ጣሪያ ያሳያል። ቢሆንም መቶ እጥፍ የሚያህል ልዩነት አንድ ነገር ይነግረናል፦ መድኃኒት የተደረገበት ጆንያ ባለበት ክፍል ሰው ሊተኛ አይገባም።

ቡታጋዝ ሲሸት ደግሞ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ክልክል ነው፤ ከማብሪያና ማጥፊያው የምትወጣ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃለች። የሲሊንደሩን መዝጊያ መዝጋት፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት፣ ስልክም ከውጭ ሆኖ መደወል ይገባል።

ምንጩ ከውጭ ሲሆን

ነዳጅና ልዩ ልዩ ኬሚካል የጫኑ ተሽከርካሪዎች ከጅቡቲ ተነሥተው በብዙ ከተሞች መካከል ያልፋሉ። ከእነዚህ አንዱ ተገልብጦ መርዛማ ጋዝ ቢያመልጥ ቤት እንደ ጋሻ ያገለግላል፤ ጋሻነቱ ግን በጊዜ የተወሰነ ነው። በሚገባ የተዘጋ የግንብ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ የአየሩን ግማሽ ያህል ይለውጣል እንበል። የመርዙ ደመና ለ30 ደቂቃ ቢቆይ በውስጥ ያለው ክምችት ከውጭው 22 በመቶ ብቻ ይደርሳል። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ያለበት፣ በሰዓት ሦስት ጊዜ አየሩን የሚለውጥ ቤት ከሆነ ግን 78 በመቶ ይደርሳል። የካልኩለስ ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ከዚህ ሦስት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ ክፍተት በእርጥብ ፎጣ፣ በላስቲክና በፕላስተር መደፈን አለበት፤ ለዚህም መስኮቱ ያነሰ ክፍል ይመረጣል፤ ፎቅ ካለ ደግሞ ላይኛው። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሊደፈን የማይችል ከሆነና ደመናው ገና ካልደረሰ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ጎን በመታጠፍ ወደ ከፍታ መሄድ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ደመናው ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥ የሰረገው መርዝ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ አደጋው ማለፉ ሲነገር ወዲያውኑ መስኮቶችን ከፍቶ መውጣት ያስፈልጋል።

የአንድ ምሽት ሥራ

ዝግጅቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአንድ ምሽት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚከተሉትን ሊፈጽም ይችላል።

• ላምባ፣ በረኪናና ፀረ ተባይ ከሃይላንድና ከለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጠው፣ ጽሑፍ በተለጠፈበት ሌላ ዕቃ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጡ። ላምባ የጠጣ ሕፃን እንዲያስታውክ አይደረግ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

• ፀረ ተባይ ሰውነቱ ላይ የፈሰሰበት ሰው ልብሱን አውልቆ በብዙ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የሚረዳውም ሰው እጁን ይሸፍን።

• ለመደበቂያ የሚሆነው ክፍል ይመረጥ። ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ ፎጣ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የእጅ ባትሪና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ በዚያ ይቀመጡ።

• ሁሉም ከቤት ቢወጣ የሚገናኝበት ስፍራ ይወሰን፤ አያትን ማን እንደሚደግፍ፣ ሕፃኑን ማን እንደሚያነሣ በስም ይነገር።

• የአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በበር ጀርባ ይጻፉ፤ በሌላ ከተማ ያሉም የአካባቢያቸውን ይጠይቁ።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ከቤተሰብዎ መካከል የጋዝን ጠባይ በትምህርት ቤት የተማሩት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። እንግዲያውስ ይህ እውቀት ለፈተና ብቻ እንዳይቀር፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ እናትዎን ማንደጃው የት እንደሚያድር ይጠይቁ። ጆንያው የት እንዳለም ይመልከቱ። ከዚያም «ልውጣ ወይስ ልግባ?» የሚለውን ጥያቄ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ እስከ ትንሹ ልጅ ድረስ፣ ያቅርቡ። ሁሉም ሳያመነታ ሲመልስ ዝግጅቱ ተጀምሯል ማለት ነው።