በውጭ አገር ቤት የሚገነቡ በጎ ፈቃደኞችና የእረፍት ቀናቸው

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተመሠረተው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ፣ ለችግረኛ ቤተሰቦች ቤት የሚገነቡ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ተለያዩ አገሮች ሲያሰማራ ቆይቷል። በእነዚህ ጉዞዎች መርሐ ግብር የእረፍት ቀን ይያዛል።

ብሎኬት መሸከምና ሲሚንቶ ማቡካት ያልለመደ ሰው ያለ እረፍት ከሠራ ይዝላል። የዛለ ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ቢወድቅ ወይም መሣሪያ ቢያመልጠው ጉዳቱ ለራሱ ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚሠራው ግንበኛም ይተርፋል።

ይሁንና ሠራተኛው ሲያርፍ ግንባታው አያርፍም። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት እንዲጠነክር ለቀናት፣ በተለምዶም ለ7 ቀናት ያህል፣ እርጥበቱ ሊጠበቅለት ይገባል። እንግዶቹ ገበያና ቅርሶችን ሲጎበኙ ውኃ የሚያጠጣ ተረኛ ከሌለ ኮንክሪቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ተረኛው የአካባቢው ሠራተኛ ከሆነም የእርሱ እረፍት በሌላ ቀን ሊተካለት ይገባል።